የሞተር ሳይክል አላርም፣ ሪሞቱ እምቢ ሲል

ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ዛሬ ዛሬ ሁለት ነገር ይዞ ይዞራል። አንዱ ሞተሩን የሚያስነሳበት ቁልፍ ሲሆን ሌላው አላርሙን የሚያበራበትና የሚያጠፋበት ትንሽ ሪሞት ነው። ቁልፉ ብረት ነው፤ ቢወድቅም ቢረጥብም ሥራውን አይተውም። ሪሞቱ ግን ሕይወቱ በአንዲት ድንጋይ ላይ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ነው። ድንጋዩ ያለቀ ዕለት ባለንብረቱ በገዛ ሞተሩ ፊት እንደ ባዕድ ይቆማል። ሲነካው ይጮሃል፣ ቁልፍ ሲያዞርለትም አይነሳም።

ደብረ ታቦር ላይ ይህ ችግር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ያለች በመሆኗ ሌሊቷ ብርድ፣ ክረምቷም ዝናባማ ነው። ብርድ ባትሪ ያዳክማል፤ ዝናብ የሽቦ መገጣጠሚያ ያዝጋል። በደቡብ ጎንደር ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ከፋርጣ እስከ ስማዳ፣ ከእስቴ እስከ እብናት፣ መኪና ወደማይደርስበት ቀበሌ የግብርናና የጤና ባለሙያው የሚሄደው በእርሱ ነው። ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ካለ የሚቀረው የአንድ ሰው ጉዞ ብቻ ሳይሆን ክትባቱም፣ የዘር ምክሩም ነው።

ሌላም አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የተፈጠረውን ግጭት ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጣ ወዲህ በክልሉ ከተሞች በተለያየ ጊዜ ሰዓት እላፊ ተጥሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌሊት የጮኸ አላርም የሚቀሰቅሰው ጎረቤትን ብቻ አይደለም፤ የታጠቀ ጥበቃም ይመጣል። በጨለማ ከሞተር ሥር ተንበርክኮ ሽቦ የሚጎትት ሰው ባለቤት ይሁን ሌባ ከሩቅ አይለይም። ሞተር ሳይክል በአገራችን ስሙ ከዝርፊያ ጋር መነሳት የጀመረውም ዛሬ አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ያገደው የወንጀል መፈጸሚያ ሆኗል በሚል ነበር። ስለዚህ የራስን አላርም ያለ ሪሞት እንዴት ዝም ማሰኘት እንደሚቻል መማር ያለበት በጠራራ ፀሐይ፣ ገና ሳይጮህ ነው።

ይህን በጋዜጣ መጻፍ ለሌባ ትምህርት መስጠት አይሆንም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ሌባው ከእኛ መማር አያስፈልገውም። አላርሙ እየጮኸም ቢሆን ሞተሩን ከነነፍሱ አንስቶ አይሱዙ ላይ ይጭነዋል። ለእርሱ የሚያስቸግረው ወፍራም ሰንሰለት እንጂ ጩኸት አይደለም። ጨንቆት የሚቆመው ባለቤቱ ነው።

ድንጋዩ፣ ብርዱና ዝናቡ

በገበያ የሚገኘው የሞተር ሳይክል አላርም በአብዛኛው ከቻይና የሚመጣና ፋብሪካው ከሞተሩ ጋር ያልሠራው፣ በኋላ የሚገጠም ዕቃ ነው። ከመቀመጫው ሥር ወይም ከጎን ሽፋኑ ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት የእጅ መዳፍ የማታክል ሳጥን አለች። ንዝረት የሚለየው አካልና የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ክፍል በውስጧ ነው። ከእርሷ አንድ ሽቦ ወደ ሳይረኑ፣ አንዱ ወደ ፍሬቻዎቹ፣ አንዱ ወደ ባትሪው፣ አንዱም የካንዴላውን እሳት ወደሚቆጣጠረው ክፍል ይሄዳል። ቀጭኗና ጫፏ ከምንም ጋር ያልተገናኘችው ሽቦ አንቴና ናት። ትርፍ ሽቦ መስሏቸው የሚቆርጧት መካኒኮች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሪሞቱ ካልተጠጉ በቀር አይሠራም።

ሪሞቱ ሲጫን ትንሽ መብራት ታበራለች። ጨርሳ ካልበራች ወይም ከፈዘዘች በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ድንጋዩ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ትክክለኛውን ዓይነት መግዛት ላይ ነው። አንዳንዱ ሪሞት እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነውን ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ወይም ሲአር 2016 ይጠቀማል። ቁጥሩ ልኩን ይናገራል። ሁለቱም 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖራቸው የመጀመሪያው 3.2፣ ሁለተኛው 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ ያስገባ ሰው አንድ ቀን ይሠራለታል፣ በማግስቱ ሲነቃነቅ ይጠፋበታል። ሌላው ሪሞት ደግሞ አጭርና ድብልብል የሆነ ባለ 12 ቮልት ድንጋይ ይጎርሳል፤ ወፈር ያለው 23ኤ፣ ቀጠን ያለው 27ኤ ይባላል። እነዚህን የእጅ ሰዓት የሚጠግኑና የሞባይል ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። ሱቅ ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ድንጋይም ገና ሳይነካ የሚደክም ስለሆነ፣ ሻጩ መለኪያ ካለው ቢለካለት አይከፋም። አዲስ ሲአር 2032 ከ3 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት። ባለ 12 ቮልቱ ወደ 10 ከወረደ አይታመንም።

ሌሊት ሱቅ በሌለበት ሰዓት አንድ የሚሞከር ነገር አለ። ድንጋዩን አውጥቶ በመዳፍ ወይም በብብት ጥቂት ደቂቃ ማሞቅ። በብርድ የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ያገኛል፤ አላርሙን ለማጥፋት ደግሞ የአንድ ጊዜ ምልክት ይበቃል። ድንጋዩን ሲመልሱ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ማየት ነው። ድንጋዩን የሚነኩት ሁለቱ ቆርቆሮዎች አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ከያዙ በእርሳስ ላጲስ ወይም በንጹህ የሕክምና አልኮል ይጠረጋሉ። አረቄም ይበቃል የሚሉ አሉ። አረቄ ውኃው ብዙ ነው፤ ለእንግዳ ቢተው ይሻላል።

ዝናብ የገባበት ሪሞት ደግሞ ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። ሪሞቱን እየተጫኑ መሞከር ጉዳቱን ያብሳል። ወዲያው ድንጋዩን አውጥቶ፣ ሁለት ቦታ ከፍቶ፣ እሳት ሳያስነኩ ሞቅ ባለ ስፍራ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዝናብ ልብስ ኪስ ይልቅ ከውስጥ ባለ ኪስ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ወጪ የሌለው መከላከያ ነው።

መብራቷ ደህና እየበራች ሞተሩ የማይሰማ ከሆነ ሪሞቱን ወደ ሳጥኗ አስጠግቶ፣ የመክፈቻውን ምልክት ሁለትና ሦስት ጊዜ ረጋ ብሎ መጫን ይገባል። ይህ ጭፍን ሙከራ አይደለም። ሻል ያሉት አላርሞች በተጫነ ቁጥር የሚለዋወጥ ኮድ ይልካሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ የተሠራውና በ1995 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ኩባንያ የገዛው ኪሎክ የተባለው አሠራር የዚህ ዓይነቱ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ሪሞቱ ኪስ ውስጥ ወይም በሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ተጭኖ ከሆነ ቆጠራው ከሳጥኗ ይቀድማል። በብዙዎቹ ላይ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲጫን ሁለቱ እንደገና ይግባባሉ። በኪዮስክ የሚገለበጡ ሪሞቶች በዚህ ዓይነቱ አላርም ላይ የማይሠሩትም ለዚሁ ነው፤ ኮዱ በማይለወጠው ርካሽ ዓይነት ላይ ብቻ ነው የሚያገለግሉት።

ሞተሩ ራሱ ሲደክም

ሪሞቱ በከንቱ የሚታማበት ጊዜ ብዙ ነው። ነዳጅ የጠፋበት ወይም መንገድ የተዘጋበት ሰሞን ሞተሮች በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ሳምንታት ቆመው ይሰነብታሉ። አላርሙ ግን ቆሞም ይበላል። 5 አምፒር ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ላይ አላርሙ ሳያቋርጥ 10 ሚሊ አምፒር ቢስብ በቀን 0.24 አምፒር ሰዓት ይወስዳል፤ ሙሉ የነበረው ባትሪ በ20 ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል። ባትሪው አርጅቶ ከሆነ ደግሞ ሳምንትም አይቆይ። ደህና የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። በጣም ሲወርድ ሳጥኗ ሪሞቱን መስማት ልታቆም ትችላለች፣ አንዳንዴም ማንም ሳይነካት ትጮሃለች።

ምልክቱ ቀላል ነው። ሳይረኑ እንደ ታመመ ሰው የሚያቃስት ከሆነ፣ ቁልፍ ሲዞርም ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ካልመጣ፣ ችግሩ የሪሞት አይደለም። መፍትሔው ባትሪውን ቻርጅ ማድረግ ወይም ከሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኃይል መዋስ ነው። ባጃጅ 12 ቮልት ስለሆነ ሊያበድር ይችላል። አይሱዙ የጭነት መኪና ግን ሁለት ባትሪ ተቀጣጥለውለት በ24 ቮልት የሚሠራ ነው። ከሁለቱም ጫፍ በአንድነት የተወሰደ ኃይል አላርሙንም፣ አምፖሉንም፣ የእሳት መቆጣጠሪያውንም ባንድ ጊዜ ያቃጥላል። ከእርሱ መዋስ ግድ ከሆነ ከአንዱ ባትሪ ብቻ፣ ያውም በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን።

ያለ ሪሞት ማጥፋት

ድንጋይ ተቀይሮ፣ ባትሪውም ደህና ሆኖ ሪሞቱ ከሞተ ወይም ከጠፋ ወደ ሞተሩ መሄድ ነው። ቅደም ተከተሉ ከለዘብተኛው ወደ ከባዱ ነው፤ ሽቦ መቁረጥ የመጨረሻው እንኳ አይደለም።

በመጀመሪያ ቤት ያለው ሁለተኛ ሪሞት ይፈለጋል። አላርሙ ሲሸጥ ካርቶኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ይገኛል። ሁለተኛው የት እንደገባ የማያውቅ ባለንብረት ግን ብዙ ነው።

ቀጥሎ የድንገተኛ ማጥፊያ መኖር አለመኖሩ ይታያል። አንዳንዱ አላርም ከመቀመጫ ሥር የተደበቀች ትንሽ ቁልፍ አለችው። ሞተሩን በቁልፉ አብርቶ፣ በተወሰነ ሴኮንድ ውስጥ እርሷን መጫን ጩኸቱን ያስቆማል። ሌላው ደግሞ ቁልፉን በተወሰነ ቁጥር በማብራትና በማጥፋት የሚነገረው ምስጢር ቁጥር ይኖረዋል። ይህ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት መጣል የለበትም። ራሱን የቻለ ባትሪ ያለው ሳይረንም አለ፤ የዚህ ዓይነቱ ጎኑ ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚዘጋበት ቀዳዳ ይኖረዋል። ቁልፉ ከጠፋ የሞተሩን ባትሪ መፍታት አያስቆመውም፤ ጭራሽ ያስቆጣዋል። ርካሾቹ አላርሞች ከእነዚህ አንዱም የላቸውም።

የድንገተኛ ማጥፊያ ከሌለ ኃይሉ ይቋረጣል። ወደ አላርሙ በሚሄደው ቀይ ሽቦ ላይ የራሱ ፊውዝ ካለው እርሱን መንቀል ይበቃል። ከሌለው የባትሪው የመቀነስ ጫፍ ይፈታል። የመቀነሱ ይቅደም የሚባለው ቁልፉ ወይም ካቻቢቴው ከሞተሩ አካል ጋር ቢነካካ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ጸጥታው ግን ጊዜያዊ ነው። ብዙዎቹ ሳጥኖች ኃይል ሲመለስላቸው በነበሩበት የጥበቃ ሁኔታ ይነቃሉ፤ ባትሪው በተገናኘ ቅጽበት ጩኸቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ባትሪው ተፈትቶ እያለ ሳጥኗ ተፈልጋ የሽቦዎቿ ሶኬት ይነቀላል። የሶኬቱን ምላስ ተጭኖ ሶኬቱን ራሱን መሳብ እንጂ ሽቦዎቹን መጎተት አይገባም። ከመንቀል በፊት በሞባይል ፎቶ ማንሳት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ከዚህ በኋላ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ባትሪው ሲመለስ አንዱ ሞተር ወዲያው ይነሳል፣ ሌላው ጨርሶ እሳት አይሰጥም። ልዩነቱ የገጠመው ሰው አሠራር ላይ ነው። በአንዱ አገጣጠም አላርሙ ጥርጣሬ ሲገባው ብቻ የእሳቱን ሽቦ ከአካሉ ጋር አገናኝቶ ሞተሩን ያጠፋል። እርሱ ሲነቀል ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ሥራ ይመለሳል። በሌላው አገጣጠም ግን የቁልፉ ዋና ሽቦ ለሁለት ተቆርጦ በአላርሙ ሪሌ በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል። ሳጥኗ ስትነቀል መንገዱ እንደተቆረጠ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች እንደነበሩ መልሶ መቀጠል፣ በደንብ ማጣበቅና በናስትሮ መሸፈን ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ሶኬቱ የሚገቡ፣ ከሌሎቹ ወፈር ያሉ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ ይሁንና ቀለም ብቻ አይቶ መገመት አያዋጣም፣ የኤሌትሪሺያን መለኪያ ይናገር። ሴባስቶፖል የተሠራባት ጋፋት የደብረ ታቦር ጎረቤት ናት፤ የአካባቢው ባለሙያ ብረትም ሽቦም አያስፈራውም። ችግሩ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ አለመፍራቱ ነው። ፒንሳ አንስቶ ከመቁረጡ በፊት ሶኬቱን እንዲያሳይ መጠየቅ የባለንብረቱ ድርሻ ነው።

በመሥሪያ ቤቶች የሚታዩት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ በእግር ተረግጠው የሚነሱ የቆዩ ሞተሮች ለእሳታቸው ባትሪ አይጠብቁም። ሳጥኗ ተነቅላ፣ የተቆረጠ ሽቦ ካለም ተቀጥሎ፣ ባትሪው ባዶ ቢሆን እንኳ ረግጦ መሄድ ይቻላል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት አዳዲሶቹ ግን ያለ ባትሪ አይነሱም። ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ ያለባቸው ሞተሮች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። የእነርሱ ጥበቃ በፋብሪካ የተሠራ በመሆኑ ሽቦ በመቀጠል አይታለፍም፤ ወደ አስመጪው መሄድ ነው።

የተበላሸ አላርምን በግማሽ አጥፍቶ መንዳት ከሁሉ የከፋ ነው። ሪሌው ውኃ ከገባበት በጉዞ ላይ እሳቱን ሊቆርጥ ይችላል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከደጋው ወደ ፎገራ ሜዳ ወደ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት፣ ከኋላ የጭነት መኪና እየተከተለ ሞተር ድንገት ቢጠፋ ምን እንደሚከተል ለማንም አይጠፋም። ወይ ይጠገን፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

ሊብሬው የት ነው?

ጥበቃ ወይም ፖሊስ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፊውዝ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ነገር በእጁ ያደረገ ሰው ባለሀብት ተደርጎ እንደሚገመት ይደነግጋል። ለበግና ለጋቢ ይህ ግምት በቂ ሊሆን ይችላል። ተሽከርካሪ ግን በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚመዘገብ ንብረት ነው። በተግባር የሚታመነው ሊብሬው ነው። አላርሙ እየጮኸ ሽቦ ሲነቅል የተገኘ ሰው “የራሴ ነው” ቢል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 በስርቆት ከመጠርጠር አይድንም፤ ጥርጣሬው የሚነሳው ወረቀት ሲታይ ነው። ዋናውን ሊብሬ ይዞ መዞር ያሰጋው ሰው ቢያንስ ኮፒውንና መታወቂያውን አይለይ። የታርጋው፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መግጠሙንም አስቀድሞ ይየው።

ሌሊት ከሆነ ደግሞ ሽቦ ከመንካት በፊት ዘበኛውን ወይም ጎረቤቱን ጠርቶ፣ “ጋሼ፣ የእኔ ሞተር ነው፣ ሪሞቱ ተበላሽቶብኝ ነው፣ እባክዎ አጠገቤ ይቁሙ” ማለት ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። መብራት ማብራት እንጂ መደበቅ አይገባም። ሰዓት እላፊ ካለ ከቤት ሆኖ ወደ ፖሊስ መደወል ይቀድማል፤ የጎረቤት እንቅልፍ በማግስቱ ይቅርታ ይጠየቅበታል።

ለኤሌትሪሺያኑም ነገሩ ቀላል አይደለም። የማያውቀው ሰው አላርም ንቀልልኝ ቢለው ሊብሬ መጠየቅ መብቱ ነው። ሌባ መሆኑን እያወቀ የረዳ ባለሙያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 37 አባሪ ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂውም ባለቤት ከሆነ ሊቀየም አይገባም፤ የነገ ሌባ በዚያው በር ነው የሚመለሰው።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ስለ ሪሞት የሚያስታውሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1135 እና 1136 የአንድ ነገር ተጨማሪ የሆነ ዕቃ ከዋናው ጋር አብሮ እንደሚሄድ ይናገራል፤ ለዘለቄታው ለሞተሩ አገልግሎት የተመደበ ሪሞትም በእኔ አስተያየት ከዚህ ይመደባል። ይሁን እንጂ በውሉ ላይ “ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሪሞት” ብሎ መጻፍ ፍርድ ቤት ድረስ ከመከራከር ይቀላል። አንዱ ሪሞት ሻጩ ኪስ ከቀረ ሞተሩ ከደጅ የሚከፈተው በሁለት ሰው እጅ ነው። በብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ አዲስ ሪሞት ማስተዋወቂያ ቁልፍ አለች። እርሷን ተጭኖ በመያዝ፣ ምልክት ሲሰጥ አዲሱን ሪሞት በመጫን ይመዘገባል፤ በበርካታዎቹ ላይ ያን ጊዜ የቀድሞዎቹ ይሰረዛሉ። ገዢው በገዛበት ሳምንት ይህን ቢያስደርግ ወጪው ከአንድ ጎማ ጥገና ብዙም አይርቅም።

የመንግሥት ሞተሮች ነገር የባሰ ነው። ባለሙያው ሲዛወር በሞዴል 22 ላይ “ሞተር ሳይክል 1” ተብሎ ይጻፋል። ቁልፉ ይቆጠራል፣ የራስ ቁሩም አንዳንዴ ይቆጠራል፣ ሪሞቱ ግን የማንም አይደለም። ተረካቢው ከወር በኋላ ድንጋይ ሊቀይር ሲከፍተው የምን ዓይነት እንደሆነ አያውቅም፣ ሁለተኛው ሪሞት የት እንዳለ የሚነግረው ሰውም ሌላ ወረዳ ሄዷል። የንብረት ክፍሎች በርክክቡ ቅጽ ላይ የሪሞቱን ብዛት፣ የድንጋዩን ዓይነትና የሳጥኗን ቦታ አንድ መስመር ጨምረው ቢጽፉ፣ ሁለተኛውንም ሪሞት ታርጋው በተጻፈበት ፖስታ በካዝና ቢያስቀምጡ አዲስ መመሪያ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ፖስታው ውስጥ ድንጋዩ ከሪሞቱ ወጥቶ ለብቻው በላስቲክ ይቀመጥ፤ ከውስጥ እንዳለ ብዙ ከቆየ ፈሳሹ ወጥቶ ሪሞቱን ሊበላው ይችላል።